የስፔን ፊልም ኩረጃ ነው እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ

ናቲ ሳሪስ፦

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን የስፔን ፊልም ለክፎኛል። የጀመረኝ እንደ ብዙዎቻችሁ በመኒ ሄይስት ነው። እሱ ሲያልቅብኝ ወደ ፊልሞቹ ገባሁ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ሌሊት ኮምፒውተሩ ሬንደር ሲያደርግ እኔ በስልኬ ፊልም አያለሁ።

ታዲያ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ባለፈው «ላ ኢስላ ሚኒማ» የሚባለውን አየሁ። ሁለት ፖሊሶች፣ ረግረግ አገር፣ የጠፉ ልጃገረዶች። በጣም ወደድኩት። አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ባሳየው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄማ ትሩ ዲቴክቲቭ ነው፣ ቀድተውታል» ብሎ ቅስሜን ሰበረው። እሺ ብዬ «ሬክ» የሚለውን አስፈሪ ፊልም ከፈትኩ። እሱንም አውቀዋለሁ! ከዓመታት በፊት «ኳራንቲን» ተብሎ በእንግሊዝኛ አይቼዋለሁ። ያው አፓርታማ፣ ያቺው ጋዜጠኛ፣ ያው ካሜራማን።

ይባስ ብሎ አንድ የድሮ ካውቦይ ፊልም ሳይ የሠሪዎቹ ስም ግማሹ የጣሊያን፣ ግማሹ የስፔን ሆኖ አገኘሁት። ቴክሳስ ነው የተባለው አገር ቴክሳስ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው የሚሉት የፊልም ዘውግ አላቸው? ወይስ አሜሪካ ያወጣውን ተቀብለው ቋንቋውን ብቻ ነው የሚቀይሩት? እዚያ የሚኖር ካለ ደስ ይለኛል። ከጎግል ለቅማችሁ እንዳታመጡልኝ፣ እሱን እኔም አላጣሁትም።


ሒሳብ ሹም፦

ወንድሜ መልሱ አንድ መስመር ነው። ገንዘብ። ካውቦይ ሲሸጥ ካውቦይ፣ ሆረር ሲሸጥ ሆረር፣ አሁን ደግሞ ዘረፋ። የራስ ዘውግ ምናምን የሃያሲ ወሬ ነው።


አዜብ ዘማድሪድ፦

ናቲ፣ መጀመሪያ ያንን ጓደኛህን አንድ ነገር ንገርልኝ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) «ላ ኢስላ ሚኒማ» ተቀርጾ ያለቀው በ2013 ነው። ትሩ ዲቴክቲቭ በቴሌቪዥን የወጣው በጥር 2014። ያላዩትን እንዴት ይቀዳሉ? «ሬክ» ደግሞ የ2007 ሥራ ነው፣ «ኳራንቲን» የ2008። ቀጂው ማን እንደሆነ አንተው ፍረድ። አንተ ቅጂውን አስቀድመህ ስላየህ ዋናው ቅጂ መሰለህ።

እኔ ማድሪድ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራዬ አንዲት የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴትዮ መጠበቅ ነው፣ እዚያው ቤታቸው አድራለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍቴ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አንቶን ማርቲን አጠገብ ያለው ሲኒማ ዶሬ እገባለሁ። የመንግሥት የፊልም ቤተ መዛግብት የሚያሳይበት አዳራሽ ነው፣ ትኬቱም ርካሽ ነው። ፊልም ትምህርት ቤት አልገባሁም። የምነግርህ ከዶሬና ከሴኞራዬ የተማርኩትን ነው።

አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጠን ካውቦይ እናያለን። ብርድ ልብሳቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ካፌይን የሌለው ቡናቸው በእጃቸው። ሪሞቱ ሲወድቅብኝ አንዱ ቁልፍ ተነካና ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ። ጆን ዌይን ያንን የሚጎተት ወፍራም ድምፁን ሲያወጣ ሴኞራ ደነገጡ። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። ጆን ዌይን ነዋ፣ አልኳቸው። «አይደለም። ጆን ዌይንን ከሰባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ድምፁን መልሺልኝ።»

መለስኩላቸው። ስፓኒሹ ሲመጣ ፊታቸው ፈታ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1941 ስፔንን በጉልበት ይገዛ የነበረው የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ማንኛውም የውጭ ፊልም በስፓኒሽ ድምፅ ካልተሠራ አይታይም ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ በኋላ ቢነሳም ልማዱ አልተነሳም። እዚህ አገር ዛሬም ብዙው ሰው የውጭ ፊልም የሚያየው በስፓኒሽ ነው። እኛ ቃና ሲከፈት ስንት እንደተጨቃጨቅን ታስታውሱ የለ? እነዚህ ሰዎች ሰማንያ ዓመት ቃና ሲያዩ ነው የኖሩት።

ሳንሱሩም በዚያው በኩል ነበር የሚሠራው። «ሞጋምቦ» የሚባል የ1953 ፊልም አለ። ግሬስ ኬሊ ባሏን ይዛ አፍሪካ ሄዳ ከሌላ ሰው ፍቅር ይይዛታል። ሳንሱሩ ባለትዳር ሴት ስትማግጥ አይታይም አለ። ስለዚህ በስፓኒሹ ድምፅ ባልና ሚስቱን እህትና ወንድም አደረጓቸው። ሥዕሉ ግን አልተቀየረም! እህትና ወንድም የተባሉት ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲሆኑ ይታያሉ። ምንዝርን ሸሽተው ምን ላይ እንደወደቁ አስቡት። ሴኞራ ይህን ሲያወሩ እስኪያነቡ ነው የሚስቁት።

አንተ «የአሜሪካ ዘውግ» የምትለው ነገር ለሳቸው የአሜሪካ አይደለም። ልጅ ሆነው በራሳቸው ቋንቋ የሰሙት ተረት ነው። የሟች ባላቸው መደርደሪያ ላይ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ ያረጁ የካውቦይ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ማርሲያል ላፉዌንቴ ኤስቴፋኒያ የሚባል የቶሌዶ ሰው ነው የጻፋቸው። ከ2,000 በላይ ጽፏል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ፍራንኮን ይወጋ ከነበረው ከሪፐብሊኩ ወገን የተዋጋ መኮንን ነበር፣ ሲሸነፉም ታስሯል። ከዚያ ወጥቶ ስለ ቴክሳስ ሸሪፍ ሲጽፍ ኖረ። ጋዜጣ መሸጫ ኪዮስክ ነበር የሚሸጠው። ሴኞራ እንደሚሉኝ ባላቸው አንብቦ ሲጨርስ መልሶ በሌላ ይለውጠዋል፣ እንደገና እንዳይወስደው ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ጭረት ያደርጋል። ጭረቶቹ አሁንም አሉ።

አንድ ፊልም ብቻ ጥሪልኝ ብትለኝ «ቢየንቬኒዶ ሚስተር ማርሻል» እልሃለሁ። በርላንጋ የሠራው፣ 1953። አንድ የካስቲያ መንደር አሜሪካኖች እርዳታ ይዘው ይመጣሉ ይባላል። ሕዝቡ አሜሪካኖች ስለ ስፔን በሚያስቡት ልክ እንደ ደቡቡ የአንዳሉሲያ ሰው ለብሶ ይጠብቃል። ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሌሊት የመንደሩ ሰው ሁሉ ሕልም ያያል። እያንዳንዱ ሕልም በአንድ የፊልም ዓይነት ነው የተሠራው። ከንቲባው ሸሪፍ ሆኖ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲደባደብ ያያል፣ ሁሉም የሚናገሩት እንግሊዝኛ የሚመስል ግን ምንም ያልሆነ ቋንቋ ነው። ሲነጋ አሜሪካኖቹ በመኪና ሽው ብለው አለፉ። አቧራው ብቻ ቀረ። ኩረጃ ነው ካልከኝ፣ ከሰባ ዓመት በፊት በኩረጃው ላይ የሳቁ ሰዎች ናቸው።

ሴኞራ ተነሡ፣ ልሂድ። ሌላውን ማታ።


የራስ ሲኒማ ደንበኛ፦

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ በዚህ ስልክ መጻፍ ይከብደኛል። ግን የካውቦይ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ በሰማንያ ሳንቲም ይሁን በምን ተጋፍተን ገብተን፣ ጀርባችንን ሰው ላይ ደግፈን ያየነው ካውቦይ አገር ስፔን ነበር ነው የምትሉኝ? ሽማግሌ ላይ እንዲህ አይቀለድም። ያንን ፖንቾ የለበሰውን፣ ሲጋራ በጥርሱ የሚነክሰውን ሰውዬ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሲመጣ አዳራሹ በፉጨት ይቀልጥ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ሜክሲኮ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።


አዜብ ዘማድሪድ፦

ጋሼ፣ ስፔን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደቡብ ምሥራቅ ውስጥ አልሜሪያ የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ በአውቶቡስ ወጣ ሲሉ ታቤርናስ የሚባል በረሃ ነው። የእንጀራ ምጣድ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፣ ነሐሴ ላይ ነበር የሄድኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያ የፖንቾ ሰው ክሊንት ኢስትዉድ ነው። የጣሊያኑ ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ሦስቱን ፊልሞች በ1964፣ በ1965 እና በ1966 ሲያወጣ ብዙውን የውጪ ትዕይንት የቀረጸው ስፔን ነው። የመጀመሪያው ፊልም የጣሊያን፣ የስፔንና የምዕራብ ጀርመን የጋራ ሥራ ነበር። ለሁለተኛው የተሠራው የእንጨት ከተማ ዛሬም ቆሟል፣ ቱሪስት ይገባበታል። በዙሪያው እንዲህ ያሉ የካውቦይ ከተሞች ሦስት አሉ። እኔ የገባሁበትን ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ውኃ በወርቅ ዋጋ ነው የሸጡልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ባንክ ይዘረፋል። ሸሪፉ ይተኩሳል። አንዱ ከጣሪያ ላይ ተንከባሎ ይወድቃል፣ ከሥር ጭድ አለ። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ከዚያ የሞተው ሰውዬ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ፎቶ አብሮ ለመነሳት ገንዘብ ይጠይቃል። አባቱም እዚሁ ሲወድቅ ነበር የኖረው አለኝ። ከፈረስ ከወደቅክ ሌላ ዋጋ፣ ከጣሪያ ከወደቅክ ሌላ ዋጋ ነበር አለ። የባንኩን በር ገፋ አድርጌ አየሁ። ከበሩ ኋላ አራት የእንጨት ድጋፍና ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

ለምን እዚያ? እዚህ ላይ ሒሳብ ሹም ልክ ነው፣ ገንዘብ ነው። ጸሐይ ዓመቱን ሙሉ አለ። ሠራተኛ ርካሽ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች ስፔን ውስጥ ያገኙትን ገንዘብ ከአገር ማውጣት ስለማይችሉ እዚያው ፊልም ሠርተው ያወጡት ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የፍራንኮ ጦር ይከራያል! ሺህ ወታደር ከፈለግህ ሺህ ወታደር ይመጣልሃል። የአካባቢው ሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት) ሜክሲኳዊ ይሆናሉ።

የሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ያለውን ክብ መቃብር ያስታውሳሉ ጋሼ? ሦስቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት? እሱ ከአልሜሪያ በጣም ሩቅ፣ ሰሜን ላይ ቡርጎስ አጠገብ ነው። መቃብሮቹን የቆፈሩት የስፔን ወታደሮች ናቸው፣ ወደ አምስት ሺህ ይጠጋሉ። ውስጣቸው ማንም የለም። እዚያው አቅራቢያ ድልድይ የሚፈነዳበት ትዕይንት ነበር። ድልድዩን የሠራውም የሚያፈነዳውም ጦሩ ነው። ለክብር ብለው ማፈንዳቱን ለአንድ የስፔን መኮንን ሰጡት። አንዱ ጣሊያናዊ ለሌላ ሰው «ሂድ» ሲል መኮንኑ ለኔ ነው ብሎ ተጫነው። ድልድዩ ድም! ካሜራ ግን አልተነሳም ነበር። ጦሩ ምንም አላለም፣ እንደገና ሠራው። በፊልሙ የምናየው ሁለተኛውን ድልድይ ነው።

መቃብሩ ለሃምሳ ዓመት ሣር ውጦት ቆየ። ከ2015 ጀምሮ የአካባቢው የፊልም ወዳጆች በአካፋ እየጫሩ ድንጋዩን አወጡት። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ስሙ አንዱ የእንጨት መስቀል ላይ ይጻፍለታል።

ማድሪድም ቢሆን ሞስኮ ሆና ታውቃለች። «ዶክተር ዢቫጎ» በ1965 ሲሠራ ካኒያስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሞስኮን መንገድ ከነትራሙ ገነቡት። ሴኞራ ያኔ እዚያ አቅራቢያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፣ እሑድ እሑድ ሄደው ያዩት ነበር። «ሞስኮን ደጃችን ላይ ሠሩብን» ይላሉ። ሶሪያ በሚባለው የስፔን አገር በረዶው እንቢ ሲል ነጭ የእብነ በረድ ዱቄት በተኑ። አንድ ሌሊት አጃቢ ተዋንያኑ የኮሚኒስቶቹን ኢንተርናሲዮናል ሲዘምሩ የሰፈሩ ሰው ፍራንኮ ወደቀ ብሎ ወጣ ይባላል። ይሄኛውን ሴኞራ ራሳቸው አልሰሙም፣ ተኝቼ ነበር ነው የሚሉት። ግን ሲያወሩት እንደ ነበረ ሰው ነው የሚያወሩት።


ሌሊት ወፍ፦

ካውቦዩን ጨረሳችሁ? ወደ ሆረር ልውሰዳችሁ፣ የኔ ሰፈር እሱ ነው።

ሃሲንቶ ሞሊና የሚባል ክብደት አንሺ ነበር። ልጅ እያለ ፍራንከንስታይንና ተኩላው ሰው የሚገናኙበትን የአሜሪካ ፊልም አይቶ ልቡ ጠፋ። አድጎ የራሱን ተኩላ ሰው ጻፈ። (የኛ ቡዳ ጅብ ይሆናል፣ የነሱ ተኩላ። ያው ነው።) ጽሑፉ ላይ ሰውዬው ስፔናዊ ነበር። ሳንሱሩ «ስፔን ውስጥ ተኩላ የሚሆን ሰው የለም» ብሎ መለሰለት። ምን ይሻላል? ፖላንዳዊ አደረገው። ቫልዴማር ዳኒንስኪ። ፊልሙ በ1968 ወጣ። ገበያው ደግሞ የስፔን ስም ያለው ተዋናይ አልፈለገም። ፖል ናሺ ተባለ። «ፖል»ን ከጳጳሱ ከጳውሎስ ስድስተኛ ወሰደ፣ «ናሺ»ን ከአንድ ሀንጋሪያዊ ክብደት አንሺ። ከዚያ ያንን ፖላንዳዊ ደርዘን ጊዜ ያህል ተጫወተው።

በዚያ ዘመን አንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ መቅረጽ የተለመደ ነበር። ለአገር ውስጥ ሴቷ ሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ለውጭ ገበያ ደግሞ ያለ ምንም። አንድ ቀን፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ፊልም።

ናቲ «ቋንቋውን ብቻ ነው የሚቀይሩት?» አልክ አይደል? አንዱ ቋንቋውንም ቀይሮታል። አሜናባር የሚባለው የስፔን ዳይሬክተር «ዘ አዘርስ»ን በ2001 ኒኮል ኪድማንን ይዞ በእንግሊዝኛ ሠራ። ቀረጻው ስፔን ነው፣ ገንዘቡም በከፊል የስፔን። ጎያ የሚባለውን የስፔን ትልቁን የፊልም ሽልማት በዓመቱ ምርጥ ፊልምነት ወሰደ፣ ውስጡ አንድም የስፓኒሽ ቃል ሳይኖር። የሱኑ «አብሬ ሎስ ኦኾስ» አሜሪካኖች «ቫኒላ ስካይ» ብለው ሲሠሩት ፔኔሎፔ ክሩዝን እዚያው ሚና ላይ ከነሰውነቷ ወሰዷት።

«ሬክ»ና «ኳራንቲን»ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ መጨረሻውን እዩ። ስፔኑ ላይ የላይኛው ፎቅ ቤት ስትገባ ግድግዳው በጋዜጣ ቁራጭና በመስቀል ተሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የተላከ ሰው አንዲት በርኩስ መንፈስ የተያዘች ልጅ ላይ ሲሠራ እንደነበር ከቴፑ ትሰማለህ። አሜሪካኑ ያንን ሁሉ አውጥቶ በእብድ ውሻ በሽታ ተካው። ቫይረስ በቃ። እኔ የሁለተኛው ላይ እንቅልፌን ተኛሁ።


ናቲ ሳሪስ፦

ወይ ጉድ! ጥያቄዬን በአንድ ጆንያ መልስ ቀበራችሁት። አመሰግናለሁ። ለጓደኛዬ ዓመቱን ስነግረው «እሺ፣ ግን ይመሳሰላል» አለ። የተሸነፈ ሰው እንዲህ ነው የሚለው።

እንደገባኝ ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው። ሳንሱር አለ፣ ስለዚህ ሆረሩና ካውቦዩ ሰም ነው፣ ከሥሩ ስለ ፍራንኮ ያወራሉ። ልክ ነኝ?


አዜብ ዘማድሪድ፦

ናቲዬ፣ እኛ ሰዎች ሰምና ወርቅ ማለት እንወዳለን። ሁሉም ነገር ላይ አይለጠፍም። ሌሊት ወፍ የነገረህ ክብደት አንሺ ስለ ፍራንኮ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ተኩላ ሰው መሆን ነበር የፈለገው። ኤስቴፋኒያም ቢሆን እንጀራውን ነው የጻፈው። ዘውጉን ስለወደዱት ነው የሠሩት። አገራቸው ግን ሳትጠራ ትገባለች። ተኩላው ፓስፖርት ሲቀይር ገባች ማለት ነው።

ወርቅ አስቀምጦ የሠራ ካልከኝ ቪክቶር ኤሪሴ ነው። «ኤል ኤስፒሪቱ ዴ ላ ኮልሜና»፣ የንብ ቀፎው መንፈስ። በ1973 ሲወጣ ፍራንኮ ገና በሕይወት ነበር። ታሪኩ በ1940 አካባቢ ነው፣ ጦርነቱ እንዳለቀ። ወደ አንድ መንደር በጭነት መኪና ፊልም ይመጣል፣ የ1931ዱ «ፍራንከንስታይን»። አና የምትባል ትንሽ ልጅ አየችው። ጭራቁ ለምን ልጅቷን ገደላት? እሱንስ ለምን ገደሉት? ስትል እህቷን ትጠይቃለች። ከዚያ ጭራቁን ፍለጋ ትወጣለች። ባዶ የበጎች ጋጣ ውስጥ የቆሰለ ሽሽተኛ ታገኛለች። ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ፊልሙ ትንፍሽ አይልም። ልጅቷ ፖም ትሰጠዋለች፣ የአባቷን ኮት ታመጣለታለች። ሌሊት የተኩስ ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። በቃ።

ልጅቷን የምትጫወተው አና ቶሬንት ነች። ተዋንያኑ አንዴ በእውነተኛ ስማቸው፣ አንዴ በሌላ ስም ሲጠሩ ግራ ስለገባት ዳይሬክተሩ ለሁሉም የራሳቸውን ስም ሰጣቸው። ስለዚህ አና፣ አና ነች።

ይህን ከሴኞራ ጋር ቤት ነው ያየነው። ስለ ጭራቁ ምንም አላሉም። የመንደሩ ሰው ፊልም ለማየት ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ሲገባ ሲያዩ ግን ተነሥተው ተቀመጡ። «እኛም እንዲሁ ነበር» አሉ። «እናቴ ከወንበሩ ጋር ምድጃም ታሸክመኝ ነበር፣ አዳራሹ ይበርዳል።» ሽሽተኛው ሲመጣ ዝም አሉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሾርባቸውን እየጠጡ «አጎቴም በጎች ጋጣ ውስጥ ነበር» አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አጎት እንደነበራቸው አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልቀጠሉም።

ወደ «ላ ኢስላ ሚኒማ»ህ ስንመለስ፣ ያላየ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ይዝለል። ዓመቱን ልብ ብለኸዋል? 1980 ነው። ፍራንኮ ከሞተ አምስት ዓመቱ። ሁለቱ ፖሊሶች ሆቴል ሲገቡ ክፍሉ ውስጥ የፍራንኮና የሂትለር ፎቶ የተለጠፈበት መስቀል አለ። ወጣቱ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሽማግሌው ግድ የለውም። ወንጀለኛውን ማግኘት የፊልሙ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ቀልደኛ ሽማግሌ ድሮ ማን ነበር የሚለው ነው። ጓደኛህ ያየው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። መልኩንም ቢሆን ያገኙት ከአሜሪካ አይደለም። መግቢያው ላይ ረግረጉ ከሰማይ ሲታይ የአንጎል ሽክርክሪት የሚመስለው ሄክቶር ጋሪዶ የሚባል ፎቶግራፈር ከአውሮፕላን ካነሳቸው የጓዳልኪቪር ረግረግ ፎቶዎች ነው። አሥር ጎያ ወስዷል።

እንደገና እየው። በዚህ ጊዜ ሬሳውን ተወው፣ የሽማግሌውን እጅ ተከታተል።


ሒሳብ ሹም፦

እሺ፣ ገንዘብ ብቻ ያልኩትን በግማሽ አነሳለሁ። ድልድዩን ያፈነዳው መኮንን ግን ደመወዙ ተቆርጦ ይሆን?


የራስ ሲኒማ ደንበኛ፦

ልጄ አዜብ፣ ተባረኪ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ መቃብር ላይ ስም የሚጽፉት ከአዲስ አበባ ገንዘብ ለላከ ሰውም ይጽፋሉ ወይ? ዓይን ለዓይን ከሚተያዩበት አጠገብ ቢሆን ደስ ይለኛል።


አዜብ ዘማድሪድ፦

ኧረ ጋሼ በቁምዎ! ይሄ ምን ይሉት ሟርት ነው? ቤተሰብ ቢሰማ እኔን ነው የሚረግሙኝ። ለሴኞራ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ «ሁለት ከሆነ ዋጋ ይቀንሱ እንደሆነ ጠይቂ» አሉኝ። እሑድ እደውላለሁ።